የጋሽ ድንበሩ መለኪያ

ጥር 17፣ እሁድ

ይህን ደብተር የገዛሁት ታዝዤ ነው። በዕድሜ የልጄ እኩያ የሆነችው ዳይሬክተራችን እየሩስ «ጋሽ ሙሄ፣ የሚጫወቱትን ሰው በደንብ እንዲያውቁት በየቀኑ ስለ እሱ ትንሽ ትንሽ ይጻፉ» አለችኝ። የምጫወተው ሰው ጋሽ ድንበሩ ይባላል። «የአንድ በር ጎረቤቶች» የሚባለው የቤተሰብ ድራማ ሰካራም ነው። ቅዳሜ ማታ አንድ ሰዓት ላይ፣ አያት ከልጅ ልጅ ጋር ተሰብስቦ ሲያይ፣ ጋሽ ድንበሩ መለኪያውን ይዞ ይገባል፤ በር ይስታል፤ ልጆቹ ይስቃሉ፤ አገሩም አብሮ ይስቃል።

ስለ እሱ የምጽፈው ብዙም የለኝም። ስለ ራሴ ይቀለኛል። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ፒያሳ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ቤቴ አፍንጮ በር። በዕድሜዬ አንድ ጠብታ መጠጥ ቀምሼ አላውቅም፤ ወላጆቼ ከወሎ መጥተው እዚህ ሲኖሩም፣ እኔም እዚሁ ተወልጄ ሳድግ፣ እቤታችን የመጠጥ ጠርሙስ የገባው ዘይት ሊቀዳበት ብቻ ነው።

ድራማው ውስጥ የገባሁት በሱሪ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ለተዋንያኑ ሱሪ ላሳጥር ሄጄ፣ ሰካራም ሆኖ የሚሠራው ወጣት ሲንገዳገድ አይቼ አላስቻለኝም። «እንዲህ አይደለም ልጄ። ሰካራም ከማንም በላይ የሚጠነቀቅ ሰው ነው» ብዬ፣ መርፌዬ ደረቴ ላይ እንደተሰካ፣ ተራምጄ አሳየሁት። በዚያው ቀረሁ።

አረማመዱን ከየት አመጣኸው ይሉኛል። ከውቤ በረሃ ሰካራም ሁሉ ትንሽ ትንሽ ለቃቅሜ ነው እላለሁ።

ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ አባይነህ ሰዓት ሠሪው ዛሬ ገብቶ ደብተሩን አየና «ኑዛዜ ነው እንዴ?» አለኝ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ስንቀላለድ ኖረናል። ተሳስቀን ተለያየን። ሲወጣ እንደ ልማዱ የበሩን መቃን በሁለት ጣቱ ነካ አድርጎ ወጣ።

ጥር 22፣ አርብ

ሥራ በዝቷል። ባጭሩ።

ከጁምዓ ስወጣ አንድ ጎረምሳ መኪናውን አቁሞ «ጋሽ ድንበሩ! ይመችዎት አቦ! ዛሬ በእኔ ነው፣ አንድ ድራፍት!» አለኝ። ኮፍያዬን እንዳደረግሁ ነኝ። መስጊዱ ከኋላዬ ነው።

እንዲህ ያለውን ዝና አልፈልገውም። ከመስጊድ እስከ ሱቄ አሥራ አንድ ሰው ሰላም አለኝ። ትናንት ዘጠኝ ነበር።

የሰፈሩ ልጆች ሱቅ ሲገቡ መቃኑን በሁለት ጣት ነካ አድርገው ነው የሚገቡት። ጋሽ ድንበሩ በር እንዳይስት የሚያደርጋት ነገር ናት። ጥሩ ፈጠራ ነበረች።

ጥር 25፣ ሰኞ

ልጄ ሲሀም ሳልጠይቃት ሻይ አመጣችልኝ። ከዚያ ስኳር ጨመረችልኝ። ከዚያ ደግሞ አማሰለችልኝ። «ተናገሪ እንግዲህ» አልኳት።

ዑዘይር የሚባል ልጅ አለ። መሐንዲስ ነው፣ ጨዋ ነው፣ እናቷ አይታዋለች። እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት! ሽማግሌ የሚልኩት የፊታችን እሁድ ነው። አባትየው ሐጂ አብዱልሙሀይሚን ቴሌቪዥን እቤታቸው የማያስገቡ ጠንካራ ሰው ናቸው አሉ። «እንግዲያው ጋሽ ድንበሩን አያውቁትም» አልኩ። ደስ አለኝ፤ ትንሽም ከፋኝ።

ለአባይነህ ስነግረው ከእኔ በላይ ተደሰተ። ሲሀምን አዝሎ ያሳደገ ሰው ነው። ከዚያ ግን ተነስቶ ሄደ። የራሱ ልጅ አዳነች እዚሁ ከተማ እያለች ወደ ቤቱ ከመጣች ስድስት ዓመት አልፏታል። ምክንያቱ የእነሱ ጉዳይ ነው፤ እዚህ የሚጻፍ አይደለም።

ጥር 30፣ ቅዳሜ

የዛሬው ክፍል ቆንጆ ነበር። ጋሽ ድንበሩ በገዛ ልጁ ልደት ላይ ኬኩ ፊት ተቀምጦ መለኪያውን ያነሳል፤ ጠጥቶ ሲጨርስ «ለመሆኑ ይሄ ልደት የማን ነው?» ይላል። ሲሀም እስክታለቅስ ሳቀች። ባለቤቴ ዙህራ ግን አልሳቀችም።

«ሙሄ፣ ከመጠጣትህ በፊት ምን አልክ?»

«ምንም።»

«ከንፈርህ ተንቀሳቅሷል።»

ስልኬ ላይ መልሼ አየሁት። ተንቀሳቅሷል። መለኪያውን በቀኝ እጄ አንስቼ፣ ለራሴ እንኳ ሳይሰማኝ፣ ቢስሚላህ ብያለሁ! መለኪያው ውስጥ ያለው ውሃ ነው። ከቧንቧ የቀዳሁት እኔው ነኝ። ውሃ ሳነሳ አፍ ከፈታሁበት ጊዜ ጀምሮ የምለውን ነው ያልኩት። ነገር ግን የሚያየው ሰው የሚያየው ሙሄን አይደለም፤ ሰካራም አረቄ ላይ የአላህን ስም ሲጠራ ነው።

ማንም ልብ አይለውም አልኳት። ዙህራ ቴሌቪዥኑን አጠፋች።

የካቲት 1፣ እሁድ

ቤቱ ተጠርጓል። ምንጣፉ ተዘርግቷል። ዙህራ ለሃያ ሰው የሚበቃ ሠርታለች።

አራት ሰዓት። የለም። ስድስት ሰዓት። የለም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዑዘይር ለሲሀም ደወለ። «አባቴ ትንሽ ይቆይ ብሏል።» ሌላ ምንም አላለም። ሲሀም ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች።

ምግቡን ለጎረቤት አከፋፈልን። አባይነህ ሁለት ጊዜ በላ፣ የማይርበው ሰው። ሊያጽናናን ብሎ ነው።

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

የልደቱ ክፍል በየስልኩ ገብቷል። ቲክቶክ ላይ ከንፈሬን ብቻ አቅርበው፣ ደጋግመው፣ ቀይ ቀለበት አድርገውበት! እንዲህ በቅርበት ሲታይ ጢሜ ጥሩ አልተስተካከለም።

እየሩስ ቢሮዋ ጠራችኝ። ጣቢያው «ለቤተሰብ ሰዓት ስለሚመጥን ሥነ ምግባር» የሚል የሁለት ገጽ ማስጠንቀቂያ ልኮላታል፣ ከተመልካች ደብዳቤ ጋር። አንዱ ሙስሊም ነው፤ ሃይማኖታችን ተደፈረ ይላል፤ አልፈርድበትም። ሌላው ክርስቲያን ነው፤ ጋሽ ድንበሩን መቼ አሰለማችሁት ይላል። እየሩስ ይሄን ስታነብልኝ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች፣ ቀጥላ ሁለታችንም ሳቅን።

ሦስተኛው ከእሪ በከንቱ የአንዲት እናት ነው፣ አጭር። የስድስት ዓመት ልጄ ውሃ በጠጣ ቁጥር እየተንገዳገደ መቃን ይነካል፣ እንግዳ ሁሉ ይስቅለታል፣ ትላለች። «አባቱ የምሩን ይጠጣል። ልጁ ሲያደርገው አይቶ እሱም ሳቀ። እኔ ከማን ጋር ልሳቅ?»

ይሄኛው ስለ ቢስሚላህ አይደለምና ብዙ አላሳሰበኝም።

የካቲት 6፣ አርብ

በየመንገዱ እያቆምኩ ማስረዳት ይዣለሁ። «ውሃ ነው!» እላለሁ። አንዱ ባለ ሱቅ «ጋሼ፣ የትኛው ሰካራም ነው አረቄ ነው የሚለው?» አለኝ። ትቼው ሄድኩ።

ሲሀም እኔን አትወቅሰኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ሰው ስንት ዓመት ለልጁ ስም ሲጠነቀቅ ይኖርና በአንድ ጉንጭ ውሃ! አሥራ አንድ ሰው ሰላም አለኝ ብዬ የምቆጥር ሰውዬ። እፈር ሙሄ።

የዚያች እናት ደብዳቤ ትዝ አለኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

የካቲት 9፣ ሰኞ

የእነ አባይነህ ሁዳዴ ገባ። የእኛም ረመዳን ከነገ ወዲያ ነው። ዘንድሮ አብረን ነን። ድራማ ቤት ውስጥ የሚበላ ሰው ሊጠፋ ነው፤ ሁላችንም ጾመን ስለ መጠጥ ልንሠራ ነው።

አባይነህ «በዚህ ጾም አንድ ነገር ጨምሬበታለሁ» አለኝ። ዓሣም ትተሃል ማለት ነው? አልኩት። አየት አደረገኝና «እሱንም» አለ።

ቀጥሎ አንድ ነገር ጠየቀኝ። «የድንበሩ ልጆች ለምንድነው ሁልጊዜ የሚስቁት?»

«ኮሜዲ ነዋ!»

«እሺ» አለና ሄደ። ስለ ድራማ የማያውቅ ሰው አስተያየት ይወዳል።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ

ጣቢያው መለኪያ በስክሪን አይታይ ስላለ እየሩስ አደብዝዛው ነበር። ጉድ ሆነ! መለኪያው ትንሽ ስለሆነ እጄ እስከ ክርኔ ደበዘዘ። ጋሽ ድንበሩ የደበዘዘ ነገር ወደ አፉ እያመጣ ይስቃል። ክፍሉ ካለቀ ወዲህ የደወለልኝ ሁሉ «ለመሆኑ ምን ይዘው ነበር?» ነው የሚለኝ። ከአረቄው የባሰ ነገር የጠረጠሩም አሉ። ዙህራ ከተጋባን እንዲህ ስቃ አታውቅም፤ ሲሀምም ከሁለት ሳምንት በኋላ ጥርሷን አየሁት። ለዚህ ሲባል ሙሉ በሙሉ ቢያደበዝዙኝ ግድ የለኝም።

የካቲት 20፣ አርብ

አባይነህ በየማታው እኛ ጋ ሆኗል። ከአዛን ሩብ ሰዓት ቀደም ብሎ ይመጣል፣ ከእኛ እኩል ይጠብቃል፣ እኛ ቴምር ስናነሳ እሱ ዳቦውን ይቆርሳል። ደስ ይለኛል። የማይገባኝ የዙህራ ነገር ነው። ስጋ የሌለበት ሾርባ ለብቻው ትሠራለታለች፣ ድስቱም ከእኛ ይተልቃል። ትናንት ሦስት ጊዜ ቀዳችለት። «እኔስ?» ብላት «አንተ ደህና ነህ» አለችኝ።

እሱ ደግሞ አርጅቷል። ማንኪያው ከሳህኑ ጋር ይንጫጫል። ሰዓት መክፈት ለጊዜው ትቻለሁ ይላል፤ ወረንጦው አልያዝ ብሎታል። በዚህ ዕድሜ እስከ ማታ ድረስ መጾም ጥሩ አይደለም ብዬ መከርኩት። ዙህራ ከኋላው ሆና በዓይኗ ዝም በል አለችኝ። ምን አጠፋሁ?

የካቲት 24፣ ማክሰኞ

እየሩስ ወስናለች። ጋሽ ድንበሩ መጠጥ ያቆማል። የሚያስቀው እንዳይቀር፣ ግን ልጆቹ ሁልጊዜ እንዳይስቁ። አባይነህ ያለውን ነግሬያት ነበር፣ እንደ ራሴ ሐሳብ አድርጌ።

ችግሩ፣ የሚያቆም ሰው እንዴት እንደሚሆን አላውቅም። የሚጠጣውን መንገድ ዳር ቆሜ ማየት እችላለሁ፤ የሚያቆመውን የት ሄጄ ልየው? በመላው ውቤ በረሃ አንድ አላጋጠመኝም። ለአባይነህ ይህንኑ ስነግረው በጣም ሳቀ። እንባው እስኪወጣ። ደስ አለኝ፣ ሰሞኑን ከፍቶት ነበር።

ከእነ ሐጂ ምንም የለም።

የካቲት 28፣ ቅዳሜ

ቀረጻው ካፈጠርን በኋላ ነበር። ጋሽ ድንበሩ ከልጆቹ ጋር ሾርባ ይጠጣል፤ ሳይቀምስ የዋለበት ሦስተኛ ቀኑ ነው። እየሩስ «ጀምሩ» አለች። ማንኪያውን አነሳሁ። እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማንኪያው ከሳህኑ ጋር ተንጫጫ። በግራ እጄ ቀኝ እጄን ያዝኩ፣ ልጆቹ እንዳያዩ ከጠረጴዛው በታች አወረድኩት፣ ፈገግ አልኩ። ትዕይንቱ አለቀ። ካሜራ የያዘው ልጅ ፊቱን አዞረ።

«ጋሽ ሙሄ፣ ይሄን ከየት አመጡት?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ» አልኳት። እውነቴን ነበር።

ታክሲ ውስጥ፣ አራት ኪሎን አልፈን፣ ከየት እንዳመጣሁት ገባኝ። ሾርባው። ማንኪያው። ወረንጦው። «አንድ ነገር ጨምሬበታለሁ።» የዙህራ ዓይን። አባይነህ መጠጥ እያቆመ ነው። ሠላሳ ዓመት በግድግዳ ማዶ ያለ ሰው! ቀጥሎ ሌላውም መጣ፤ ሁለቱ ጣቶች፣ መቃኑ፣ ያ ጥንቃቄ የበዛበት አረማመድ። ከውቤ በረሃ ለቃቀምኩት ያልኩት ሁሉ ከአንድ ሰው ነው የመጣው። ወዳጄን ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ አገር ሲስቅበት እንዲያመሽ አድርጌአለሁ፤ ለካ እሱ ቁጭ ብሎ ያይ ነበር። ይህንን ሳላውቅ ቀርቼ ነው ብዬ በገዛ ደብተሬ አልዋሽም። ማወቅ አልፈለግኩም።

የካቲት 29፣ እሁድ

በጠዋት ሄድኩ። የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ፤ በሩ ላይ ጠፋኝ። «አባይነህ፣ አንተን ነው የምጫወተው» ብቻ አልኩ።

«አወቅህ?» አለ። «እኔ ካወቅሁ ሁለት ዓመቴ ነው።»

ለምን አልነገርከኝም አልኩት። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር አለ። ከዚያ ለመድኩት። ከዚያ ያ የልደቱ ክፍል የተላለፈ ማታ አዳነች ደወለች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። «አባባ፣ አንተን አየሁህ» አለችው። ሰዉ በቢስሚላሁ ሲነታረክ እሷ ያየችው ኬኩን ነው። የእሷም አሥረኛ ልደት እንደዚያ ነበር። «እንደ እነዚያ ልጆች ግን አልሳቅኩም» አለችው። በሳምንቱ ሁዳዴ ሲገባ አቆመ። ዙህራ ያወቀችው በሁለተኛው ቀን ነው፤ ግድግዳው ስስ ነው።

ይቅር በለኝ አልኩት። ከአሁን ወዲያ አልሠራውም አልኩት።

«እንዳታደርገው!» አለ። «ሲወድቅ አሳይተኸኝ፣ ሊነሳ ሲል ልትተወኝ ነው?»

ተቃቅፈን አለቀስን። ሁለት ሽማግሌ በባዶ ሆድ።

መጋቢት 6፣ እሁድ

እጄ እስኪደክም እጽፋለሁ።

ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተንኳኳ። ሐጂ አብዱልሙሀይሚን፣ ልጃቸው ዑዘይር፣ አንድ ሽማግሌ። «ልናፈጥር መጥተናል» አሉ፣ ሳይጠሩ። ሲሀም ጓዳ ሮጠች። እኔ ሰላምታዬ እንኳ ተወላገደ። አባይነህ ተነስቶ ሊወጣ ሲል «የት? ተቀመጥ» ብዬ ያዝኩት።

አዛን ተባለ። ቴምር አነሳን፤ ሐጂ ውሃቸውን በሦስት ትንፋሽ ጠጡ። ብርጭቆውን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ።

«የአንቱን ነገር በስልክ አሳዩኝ። ልጆቹ ከንፈሩን እዩ፣ ከንፈሩን እዩ ይላሉ። እኔ ያየሁት ሌላውን ነው። ሰውየው ተቀምጧል። በቀኝ እጁ ይዟል። ሦስት ጊዜ ተንፍሷል። የጠጪ ሰው አጠጣጥ አይደለም፤ ሲያድግ እናቱ ያስተማረችው ነው። ቢስሚላህም ያለው ውሃ ስለሆነ ነው አልኳቸው።»

ከወር በላይ የተጨነቅሁበት ነገር! ዙህራ ከጓዳ «አልሐምዱሊላህ» ስትል ሁላችንም ሰማን።

«እንግዲያው ለምን ቀሩ ሐጂ?» አልኩ።

«የከበደኝ ሳቁ ነው» አሉ። «ያ የታመመ ሰው ነው። አገር ይስቅበታል፣ ልጆቹ ይስቁበታል። ልጄን የምሰጠው ቤት በሰው ሕመም የሚስቅ ቤት ከሆነ ብዬ ፈራሁ። ያ የሚጫወቱት ሰው ባለቤት የለውም? የሚያዝንለት የለውም?»

መልስ ልሰጥ አፌን ከፈትኩ። ሲሀም የጓዳው በር ላይ ቆማለች፤ ሁሉ ነገር በእኔ መልስ ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ እውነቱን ለመናገር የወዳጄን ገበና ልገልጥ ነው። ዝም አልኩ። ዝም ብዬ ልጄን ላጣ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ግን ዝም አልኩ።

አባይነህ ማንኪያውን አስቀመጠ። አልተንጫጫም።

«ባለቤት አለው፣ ሐጂ። እኔ ነኝ። አረማመዱ የእኔ ነው፣ በር የሚስተውም እኔ ነኝ። ይሄ ሰው ግን ስቆብኝ አያውቅም። ሠላሳ ዓመት ወድቄ ሲያገኘኝ እያነሳ እቤቴ ያስገባኝ፣ ጠዋት ደግሞ ምንም እንዳላየ ደህና አደርክ የሚለኝ እሱ ነው። ራሴን ያየሁት በእሱ ነው። ዛሬ ሳልቀምስ ሃያ ስምንተኛ ቀኔ ነው።»

እነሱ ፊት! ለእኔ ልጅ ሲል!

ሐጂ ተነሱ። ሊሄዱ ነው አልኩ። አባይነህ አጠገብ ሄደው ተቀመጡ፣ ትከሻውን ያዙ። «ወንድሜ፣ ይህን በሰው ፊት የሚናገር ጠፍቷል» አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እኛ ልጃችሁን ለልጃችን ልንጠይቅ ነው የመጣነው። ከእናንተ ወገን የሚመልስልን ሽማግሌ ማን ነው?»

ሳላስበው እጄ ወደ አባይነህ ተዘረጋ።

አባይነህ ሲሀምን አያት። ሲሀም ራሷን በእሺታ ነቀነቀች፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም። አባይነህ ጉሮሮውን ጠረገ፤ «ሰጥተናል» አለ። ከዚያ ሽማግሌ ወጉን ሳይጠብቅ እንዲህ ቶሎ አይሰጥም ብለው ሁሉም ሳቁበት። እሱም ሳቀ።

መጋቢት 11፣ አርብ፣ ኢድ

አዳነች መጣች! ነጭ ለብሳ፣ ወንድ ልጇን ይዛ። የመጣችው እኛን ኢድ ሙባረክ ልትል ነው አለች፤ ግን ከእኛ በፊት በግድግዳው ማዶ ሁለት ሰዓት ቆየች። ስትወጣ አባይነህ የልጅ ልጁን አዝሎ ነበር። ጾም ላይ ስለሆኑ የዙህራን ሽሮ ብቻ በሉ፤ እኛ በጉን።

ከሰዓት ሐጂ የቆመ የእጅ ሰዓታቸውን ላኩለት። የቆመ አይመስለኝም፤ ሆን ብለው ነው። አባይነህ በእኛ ጠረጴዛ ላይ ከፈተው። ወረንጦውን ትክ ብዬ አየሁ። ያዘ።

መጋቢት 14፣ ሰኞ

የወቅቱ የመጨረሻ ቀረጻ። ጋሽ ድንበሩ ልጆቹ ፊት መለኪያውን ገፋ አድርጎ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ ይጠይቃል፤ ልጁ ትቀዳለታለች፤ ይጠጣል። በቃ፣ ሌላ ምንም የለም። አባይነህና አዳነች ከካሜራው ኋላ ቆመው ያያሉ። ለዚያች ለእሪ በከንቱዋ እናት እየሩስ ደብዳቤ ጽፋላታለች፤ ይህኛውን ክፍል ከልጅዎ ጋር ይዩት ብላ።

እየሩስ ሦስት ጊዜ አስጠነቀቀችኝ፤ «ጋሽ ሙሄ፣ ከንፈር!» ተቀመጥኩ። በቀኝ እጄ ያዝኩ። ከንፈሬን ግጥም አድርጌ ዘጋሁና ቆየሁ፣ ውስጤ ያለው እስኪያልቅ። ከዚያ ጠጣሁ፣ በሦስት ትንፋሽ።

«ጥሩ ነው!» አለች እየሩስ። «ግን መጨረሻ ላይ ለምን ፈገግ አሉ? ጽሑፉ ላይ የለም።»

«ውሃው ጣፍጦኝ ነው» አልኳት።